ሰልፉ ሲረዝም ንጽሕና እንዳያጥር

በበዓል ቀን በልጆች ፊት ላይ ሥዕል ለሚሥሉ ወጣቶችና ለወላጆች በካምፑ ሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር

የዛሬው ትምህርታችን እንደ ወትሮው ስለ ወባ ወይም ስለ ተቅማጥ አይደለም። ስለ አንድ የደስታ ነገር ነው። በበዓል ቀን በልጆች ፊት ላይ ስለሚሣለው ሥዕልና ያንን ሥዕል ለማግኘት ልጆቻችን ስለሚሰለፉት ሰልፍ እንነጋገራለን።

እንደሚታወቀው በካኩማም ሆነ በሌሎች ካምፖች የሰኔ ወር ለልጆች የበዓል ወር ነው። ሰኔ 9 ቀን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ይከበራል። ይህ ቀን እ.ኤ.አ. በ1976 በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ የተገደሉትን ተማሪዎች ለማስታወስ ከ1991 ጀምሮ የሚታሰብ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ሰኔ 13 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚከበረው የዓለም ስደተኞች ቀን ይውላል። በእነዚህ ቀናት ኳስ ጨዋታ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ቀለምና ብሩሽ ይዘው በልጆች ጉንጭ ላይ ቢራቢሮና አንበሳ የሚሥሉ ወጣቶችም አሉ። ሥራው መልካም ነው፤ ልጅን ያስደስታል። ታዲያ የጤና ጉዳይ የሚሆነው እንዴት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሠዓሊ ስትቀመጥ ፊቷ አሥር ልጆች ይቆማሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መቶ ይሆናሉ። ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ያለቅሳል፣ እናቶች “ቶሎ በይ እንጂ!” ይላሉ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀረው ምንድን ነው? እጅ መታጠብ ነው። ቀጥሎ ስፖንጅ መለወጥ ይቀራል። ከዚያ የልጁን ዓይንና ቆዳ አይቶ መጀመር ይቀራል። ሠዓሊዋ ንጽሕና ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ሰልፉ ጊዜ ነስቷት ነው። ስለዚህ በሽታ እንዳይተላለፍ የምንፈልግ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመን ሥርዓት ማስያዝ ያለብን ሰልፉን ነው።

በአንድ ስፖንጅ ምን ሊተላለፍ ይችላል?

ፊት ለፊት በተቀመጡ ልጆች መካከል በእጅ፣ በጨርቅ፣ በስፖንጅና በብሩሽ የሚተላለፉ በሽታዎች ብዙ ናቸው። ጭርትና እከክ አሉ። በአፍንጫና በአፍ ዙሪያ ወጥቶ ቢጫ ቅርፊት የሚያበጀው ቁስል አለ። እኛ “ምች መታው” የምንለው፣ ከንፈር ዳር ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስልም በቫይረስ የሚመጣና በንክኪ የሚተላለፍ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዓይን ያሳስበናል። ትራኮማ በቱርካናም ሆነ በአገራችን በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የጎዳ በሽታ ነው። የሚተላለፈው ከታመመ ልጅ ዓይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹን የሚያደርሱት እጅ፣ ጨርቅና ዝንብ ናቸው። በሽታው ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይንን እየፋቀ እስከ መታወር ያደርሳል።

በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2024 በኬንያ፣ በ2025 ደግሞ በኢትዮጵያ ኤምፖክስ የተባለው በሽታ ተገኝቷል። ይህም ሽፍታ ካለበት ሰው ቆዳ ጋር በሚደረግ ንክኪ ይተላለፋል። እንግዲህ አንድ ስፖንጅ ከሃምሳ ፊት ወደ ሃምሳ ፊት ሲዞር ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

በመጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

ወጣቶች፣ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ሒሳብ ሥሩ። ቀላል ሥዕል፣ ለምሳሌ በአንድ ጉንጭ ላይ አበባ፣ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። እጅ ለመታጠብና ዕቃ ለመለወጥ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ለአንድ ልጅ አራት ደቂቃ ማለት ነው። በአንድ ሰዓት 15 ልጅ፣ በሦስት ሰዓት 45 ልጅ ይደርሳችኋል። መቶ ልጅ ከተሰለፈ ግን 400 ደቂቃ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ሰው የሚቻል አይደለም። እንዲቻል ካደረጋችሁትም ያቺን የመታጠቢያ ደቂቃ ሰርቃችሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ሠዓሊ ሦስት ሰዓት የምትሠራ ከሆነ 45 ካርድ ብቻ ይዘጋጅ። ሁለት ሠዓሊ ካለ 90 ይሁን። ከዚያ በላይ አይታደል። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ነብር የሚያምር ቢሆንም አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ስለሚወስድ ሕዝብ ለበዛበት ቀን አይሆንም። አራት ወይም አምስት ቀላል ሥዕል ምረጡና በካርቶን ላይ ሥላችሁ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ስቀሉት። ልጁ እዚያው ሆኖ ይመርጣል። ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ “ምን ልሣልልህ?” ብሎ መጠየቅ ጊዜ ይበላል።

ካርድ ያላገኙት ምን ይሁኑ? እውነቱን አስቀድሞ መንገር ይሻላል። “ካርዱ አልቋል” የሚለው ቃል ገና ሲመጡ ሲነገር ያስከፋል፤ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ካቆሙ በኋላ ሲነገር ግን ይጎዳል። ለእነሱ የወረቀት ዘውድ መሥራት ወይም በጠመኔ መሣል የመሰለ ሌላ ጨዋታ አጠገባችሁ ይዘጋጅላቸው።

በቀለም የተለየ ካርድ

ሰልፍ ማለት የግድ ተደርድሮ መቆም ማለት አይደለም። በቦኖ ውሃ ስንጠብቅ ጀሪካናችንን በተራ አስቀምጠን እኛ ጥላ ሥር እንቀመጥ የለም? ለልጆችም እንዲሁ ይደረግላቸው። ካርቶን ቆራርጣችሁ አሥሩን ቀይ፣ አሥሩን ቢጫ፣ አሥሩን አረንጓዴ፣ የቀረውን ሰማያዊና ነጭ አድርጉት። መጀመሪያ “ቀይ ካርድ ያላችሁ ኑ!” ይባላል። ሌሎቹ ይጫወታሉ። ወንበሩ አጠገብ ከአሥር ልጅ በላይ አይቆምም።

የቀለም ካርድ ሌላም ጥቅም አለው። በካምፓችን ሶማሊኛ፣ ስዋሂሊ፣ ዓረብኛ፣ ኑዌር፣ ዲንቃ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ይሰለፋሉ። ከፍ ተደርጎ የተያዘ ቀይ ካርድ ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቋንቋ ያልገባው ልጅ ተራውን አያጣም።

ተራ አስከባሪም ያስፈልጋል። ሠዓሊዋ ራሷ ሰልፍ አስከብራለሁ ካለች ሁለቱም ሥራ ይበላሻል። ተራ አስከባሪው ልጆች የሚያውቁት፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ይሁን። በእጁ ዱላ ወይም አርጩሜ አይያዝ። ልጆቻችን ለራሽን፣ ለውሃና ለክሊኒክ መሰለፍን ከልክ በላይ ያውቁታል። የጨዋታ ቀን ሰልፍ የግፊያና የቁጣ ሰልፍ እንዳይሆንባቸው እንጠንቀቅ።

አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ከየቀለሙ ሁለት ካርድ አስቀምጡ። እነሱ ሮጠው ቀድመው መድረስ አይችሉምና።

ፀሐይና ውሃ

የሥራው ሰዓት በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ አለዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ቀትር ላይ ልጅ አይሰለፍ። የሚጠብቁበት ቦታ ዛፍ ወይም የሸራ ጥላ ይኑረው፤ የሚጠጣ ውሃም በክዳን ዕቃ ይቀመጥ። ብሩሽ የሚታጠብበት ውሃ ከሚጠጣው ርቆ ይቀመጥ፤ የተጠማ ሕፃን ባለቀለሙን ውሃ ጭማቂ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ራሱን ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም የደከመው ልጅ ካለ ወደ ጥላ ወስዳችሁ ውሃ ስጡት፣ በእርጥብ ጨርቅም አቀዝቅዙት። ግራ የተጋባ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ውሃ በአፉ አታድርጉ፤ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና አድርሱት።

የታመመ ልጅ ሲገኝ

ካርድ የሚያድለው ሰው ካርዱን ሲሰጥ የልጁን ፊት ይይ። ዓይኑ የቀላ ወይም ዓይናር የያዘ፣ ፊቱ ላይ ቁስል፣ ጭርት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ሽፍታ ያለው ልጅ ፊቱ ላይ አይሣልበትም። ይህ መታየት ያለበት ገና ሲጀመር ነው። ልጁ አንድ ሰዓት ጠብቆ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጓደኞቹ እያዩት “አንተ ተነስ” ቢባል የሚሰማውን ኀፍረት ማንም ወላጅ ይረዳዋል።

“በሽተኛ ነህ” አይባልም። “አንተ ደግሞ በዘውድህ ላይ አንበሳ ይሣልልሃል” ብላችሁ የወረቀቱን ዘውድ ስጡት። ለእናቱ ወይም ይዛው ለመጣችው እህቱ ለብቻ ቀስ ብላችሁ ክሊኒክ እንድታሳየው ንገሩ። ትኩሳትና ሽፍታ አብረው ካሉ ግን ከሌሎች ልጆች ጋር ሳይቀላቀል በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ይሂድ።

ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትም ፊታቸው ላይ ባይሣል ይሻላል። ቆዳቸው ስስ ነው፣ ዓይናቸውንም ያሻሻሉ። ፊቱን የሚያዞር ወይም የሚፈራ ልጅ አይገደድ። ያየው መከራ የማይታወቅ ልጅ ፊቱን ሲነኩት ሊደነግጥ ይችላል። በሃይማኖት ወይም በባህል ምክንያት የማይፈልጉ ወላጆችም አሉና አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጠረጴዛው ላይ

የዕቃ ማጠቢያ አዲስ ስፖንጅ ስምንት ቦታ ይቆረጣል። ስድስት ስፖንጅ 48 ቁራጭ ይወጣዋል፤ ለ45 ልጅ በቂ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ቁራጭ። የተሠራበት ወደ ቆሻሻው ባልዲ ይገባል፤ ማታ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ ካልደረቀ በስተቀር ተመልሶ አይወጣም። ለአንድ ልጅ የሚበቃ ቀለም በንጹሕ ማንኪያ ወይም ብሩሽ ወደ ጠርሙስ ክዳን ይውጣ። ልጁን የነካ ነገር ወደ ዋናው ቀለም አይመለስ።

ብሩሹ ከየልጁ በኋላ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ በሌላ ዕቃ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ውሃው ሲደፈርስ ይለወጥ። ከዓይን ቆብና ከከንፈር ራቁ። እጃችሁን ከየልጁ በኋላ ታጠቡ፤ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጀሪካንና ሳሙና አጠገባችሁ ከተሰቀለ ብዙ ውሃ አያባክንም።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር እንበል። የሚሣለው ለፊት ቆዳ ተብሎ በተሠራ ቀለም ብቻ ነው። የግድግዳ ቀለም፣ የትምህርት ቤት የሥዕል ቀለም፣ ማርከርና የባትሪ ጥቁር ዱቄት ፊት ላይ አይደረጉም። በዕቃው ላይ “መርዝ የለውም” የሚል ጽሑፍ ቢኖር እንኳ ለቆዳ ተሠርቷል ማለት አይደለም። “ጥቁር ሂና” እየተባለ የሚቀባውም ብዙ ጊዜ የጸጉር ቀለም የተቀላቀለበት ስለሆነ ቆዳን ሊያቃጥልና ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ቤት ሲደርሱ

እናቶችና አባቶች፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ልጁ ከመተኛቱ በፊት በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና ፊት ላይ አይነካ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማድረቂያ ይኑረው። ቆዳው ካሳከከው ወይም ከቀላ በብዙ ውሃ አጥባችሁ ክሊኒክ አሳዩት። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ መተንፈስም ካቃተው ግን አትጠብቁ፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ለማስታወስ ያህል፦

1. ለአንድ ልጅ አራት ደቂቃ፣ በሰዓት 15 ልጅ፤ ከዚያ በላይ ካርድ አይታደል።
2. ካርድ በቀለም ይለይ፤ ልጆች ጥላ ሥር ይጠብቁ።
3. ዓይንና ቆዳ የሚታየው ሰልፉ ሲጀመር ነው፤ ማንም ልጅ አይዋረድ።
4. አንድ ልጅ፣ አንድ ስፖንጅ።
5. ከየልጁ በኋላ እጅ ይታጠብ።

ሰልፉ ረዝሞ “ቶሎ በሉ” የሚል ድምፅ ሲበዛባችሁ ይህችን አምስተኛዋን አትርሱ። የምትታጠቡባት አንዲት ደቂቃ የቀጣዩ ልጅ ድርሻ ናት፤ ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡባት።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አቀብሉ። ማንበብ ለማይችሉም አንብቡላቸው።