ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጤና ሙያ ያገለገለች አንዲት አባል ያቀረበችው ንግግር)



የቁጠባው ሒሳብ ከመነበቡ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስለ ሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቢንቢ ነው። «ደግሞ ስለ ቢንቢ ምን የማናውቀው አለ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ይፋት ቆላ ኖሮ ወባን የማያውቅ የለም። ከደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የሚመከረው ስለ ወባ ነው። አጎበር መዘርጋቱን፣ የቤት ርጭቱን፣ የጣት ደም ምርመራውን እኛ ለሌላው እናስተምራለን እንጂ የሚያስተምረን አያስፈልገንም።

ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። ወባን ጠንቅቀን ስለምናውቅ ትኩሳት ሁሉ ወባ ይመስለናል። አነጋገራችንም ይህንኑ ያሳያል። ቢንቢን ሁሉ «የወባ ትንኝ» እንላለን። ዐይንን ቢጫ የሚያደርገውን፣ ከወባ ጋር ምንም ዝምድና የሌለውን በሽታ እንኳ «ቢጫ ወባ» ብለን ጠርተነዋል። ስሙ አንድ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ ይመስለናል። አይደለም።

ወባ የሚመጣው ደም ውስጥ ገብቶ ከሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ እሱን የሚገድል መድኃኒት አለው። ዴንጊ፣ ቺኩንጉንያና ቢጫ ወባ ግን ከቫይረስ የሚመጡ ናቸው። የወባ ኪኒን አይነካቸውም። የጣት ደም ምርመራውም አያያቸውም፤ እሱ የሚፈልገው ወባን ብቻ ነው።

ሰፈራችን ገብቷል ብዬ ላስደነግጣችሁ አልቆምኩም። ነገር ግን የሩቅ አገር ወሬም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ቢጫ ወባ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ዴንጊ ተነሥቶ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ እዚያው ድሬዳዋ ቺኩንጉንያ ገባና ከ40 ሺህ በላይ ሰው በበሽታው ተጠረጠረ። በ2023 ደግሞ ዴንጊ ጎረቤታችን አፋር ውስጥ፣ ሎጊያና ሚሌ ላይ ተነሣ።

እነዚህን ቦታዎች አስቡአቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ከሮቢታችን ብዙ አይራራቅም፤ ሙቀቷም እንደ እኛው ነው። ሚሌ ደግሞ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ከእኛው የደሴ መንገድ ጋር ይገናኛል። ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ ዘመድ ጠያቂው ሁሉ በዚህ መንገድ ይመላለሳል። የታመመ ሰው በአንድ ቀን ከዚያ እዚህ ይደርሳል። እሱን የምትነክስ ቢንቢ እዚህ ካለች በሽታው እግር አገኘ ማለት ነው።

አሁን ስለዚችው ቢንቢ ልንገራችሁ። የወባዋ አኖፌለስ ትባላለች፤ በሌሊት ትነክሳለች። የነዚህ በሽታዎች አስተላላፊ ግን ኤደስ ትባላለች። ጥቁር ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ቀለበት አላት። የምትነክሰው በቀን ነው፤ ይበልጡን ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ቡና ስናፈላ፣ እንጀራ ስንጋግር፣ ሕፃን ስናጥብ ማለት ነው። ማታ አጎበር ውስጥ ስንገባ እሷ ሥራዋን ጨርሳ፣ ከተንጠለጠለ ልብስ ኋላ ወይም ከአልጋ ሥር ተሸሽጋ ታርፋለች። አጎበር ለወባ ጋሻችን ነው፤ ለዚህኛው ግን ብቻውን አይበቃም።

ደግሞ እሷ የምትፈለፈለው ረግረግ ወይም የወንዝ ዳር ላይ አይደለም። የምትወደው በዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። በርሜል፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን፣ እንስራ፣ የዶሮ መጠጫ፣ ጓሮ የተጣለ ጎማ፣ ዝናብ የያዘ ጣሳ። ውሃው ውስጥ ሲቅለበለብ የምናየው ትል መሰል ነገር የእሷ ልጅ ነው። ሙቀት ባለበት አገር ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ አውጥታ እስክትበር ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ቢፈጅባት ነው። እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። በርሜሉ ቢደርቅም እንቁላሉ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳውን መፈግፈግ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት። ውሃ ማስቀመጥ ጥፋት አይደለም። ቧንቧ በፈረቃ ሲመጣ ያላስቀመጠች ሴት ልጆቿን ምን ታጠጣለች? ማንም ተነሥቶ «በሽታውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ» ቢለን አንቀበልም። ጥፋቱ ውሃው አይደለም፤ ክፍት መሆኑ ነው። የመክደኛው ነገር ግን በእጃችን ነው።

በሽታው ምን ያደርጋል? ዴንጊ ድንገት በሚነሣ ከፍተኛ ትኩሳት ይጀምራል። ራስ ምታት፣ ከዐይን ኋላ የሚሰማ ሕመም፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም ሽፍታ ይከተላል። ብዙ ሰው በሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። ለጥቂቶች ግን ይከፋል፤ የሚከፋውም ባልጠበቅነው ሰዓት ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ይበርዳል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ለቀቃት» ይላል። ያኔ ነው አንዳንዶች ላይ ከደም ሥር ፈሳሽ ማምለጥ የሚጀምረው። ሆዷን አጥብቆ ካመማት፣ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም ከመጣ፣ ትውከቷ ወይም ሰገራዋ ደም ካለው ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ፣ የወር አበባዋ ያለ ልክ ከፈሰሰ፣ እጅ እግሯ ከቀዘቀዘ፣ ከተቅበጠበጠች ወይም ከፈዘዘች ነገ አትበሉ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና በዕድሜ የገፋ ሰው ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ሳትጠብቁ ገና ትኩሳቱ ሲጀምር አስመርምሩ።

ዴንጊ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የታመመ ሰው ያንኑ ዳግመኛ አይታመምም፤ ሌላው ዓይነት ሲይዘው ግን ከመጀመሪያው ሊከፋበት ይችላል። «አንዴ ይዞኝ ለቆኛል» ብሎ መዘናጋት የማይገባው ለዚህ ነው።

ቺኩንጉንያ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ግን ሰውን ከሥራ ያውላል። ስሙ የወጣው ከታንዛንያው የማኮንዴ ቋንቋ ሲሆን ሰውን የሚያጎብጥ ማለት ነው። ትኩሳቱ ከሄደ በኋላም የእጅ አንጓ፣ የጣትና የቁርጭምጭሚት ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ሐኪም አይነግረንም፤ እኛው እናውቀዋለን። ጣቷ የማይታጠፍላት ሴት ሊጥ አታቦካም፣ ልብስ አትጨምቅም፣ ሽንኩርት አትኮተኩትም፣ ማሾ አትለቅምም። የቀን ገቢዋ ቆመ ማለት ቁጠባዋም ቆመ፣ የወሰደችው ብድርም ተንከባለለ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የጤና ጣቢያው ብቻ አይደለም፤ አሁን የሚነበበው የሒሳብ መዝገባችን ጉዳይ ነው።

ታዲያ ትኩሳት ሲይዘን ምን እናድርግ? መጀመሪያ የወባ ምርመራ። ይህን በፍጹም አትዝለሉ፤ አገራችን የወባ አገር ነው፤ ወባ ሳይታከም ከቆየ ይገድላል። ወባ ከተገኘ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው መዋጥ ነው። ምርመራው ወባ የለም ካለ ግን «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» ብሎ ከጎረቤት የተረፈ የወባ ኪኒን መዋጥ አይገባም። ተመልሳችሁ ባለሙያውን «ወባ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ሰፈር ወባ የሌለባቸው ትኩሳተኞች ከበዙ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። ናሙና አዲስ አበባ ወዳለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተልኮ በሽታው የሚለየው እንዲህ ዓይነት ወሬ በጊዜ ሲደርስ ነው።

ለዴንጊም ለቺኩንጉንያም ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ሕክምናው ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና ክትትል ነው። ውሃ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ኦ.አር.ኤስ. ቶሎ ቶሎ ስጡ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በታዘዘው ልክ ይበቃል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ዴንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አይወሰዱ፤ ደም መፍሰስን ያብሳሉ። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የምንለውን ነገር እባካችሁ እንተው።

በሽተኛውን በቀንም አጎበር ውስጥ አስተኙት። ይህ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው። ትኩሳቱ ባለበት ጊዜ ኤደስ ከነከሰችው ቫይረሱን ትወስዳለች፤ ከሳምንት በላይ ቆይታ ሌላውን ስትነክስ ታስተላልፋለች። አራስና ቀን የሚተኛ ሕፃንም በቀን አጎበር ይዘርጋላቸው።

ሽማግሌዎቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እኔም ለዛሬ ሦስት ነገር አቀርባለሁ፤ ተወያዩበት።

አንደኛ፣ በየሰፈራችን በሳምንት አንድ ቀን እንምረጥ። በዚያ ቀን እያንዳንዷ ቤት የውሃ ዕቃዋን ደፍታ፣ ግድግዳውን ፈግፍጋ፣ አጥባ ትክደን። መድፋት የማይቻለው ትልቅ በርሜል ክፍተት በሌለው ክዳን ወይም በጥቅጥቅ ጨርቅ ታስሮ ይሸፈን። ጓሮ የወደቀ ጎማና ጣሳ ይነሣ ወይም ይቀበር። በሳምንት አንዴ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ቢንቢዋ ክንፍ ሳታወጣ ለመቅደም ነው።

ሁለተኛ፣ ከአነስተኛ ብድራችን ላይ ክዳን ያለው በርሜል መግዣ የሚሆን እንፍቀድ። ለበግ ማሞከቻ፣ ለሽንኩርት ዘር እንደምናበድረው ሁሉ። መክፈል ለማይችሉ አቅመ ደካማ እናቶች ደግሞ ደጋፊዎቻችን ክዳንና መፈግፈጊያ ብሩሽ ቢያግዙን ትልቅ ውለታ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ሥራው የሴት ብቻ አይሁን። ጎማ የሚከምረው ጎሚስታ፣ በርሜል ክፍት የሚተወው ግንበኛ፣ ቆሻሻ የማያነሣው ክፍል ሁሉ ድርሻ አለው። ተወካዮቻችን ይህን ወደ ቀበሌ ይዘው ይሂዱ። የውሃው ፈረቃም በዚያው ይነሣ፤ ቧንቧው በየቀኑ ቢመጣ ግማሹ በርሜል አያስፈልገንም ነበር።

እናቶቼ፣ ወባን ለመከላከል የተማርነው ሁሉ አይባክንም። የሚጨመርበት ጥቂት ነው፦ ቢንቢ ሁሉ የወባ ትንኝ እንዳልሆነች ማወቅ፣ ትኩሳት በበረደበት ቀን አለመዘናጋት፣ በርሜልን መክደን። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ነጠላችሁን ሳታወልቁ፣ አንድ ጊዜ በርሜሉ ውስጥ ተመልከቱ። የሚቅለበለብ ካያችሁ ነገ እስኪነጋ አትጠብቁ።

 ጥያቄ ያላት እጇን ታውጣ፤ ከዚያ ሒሳቡ ይነበባል።