«ተው» ከማለት በፊት፦ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመምና ታዳጊው ስፖርተኛ



ናቾ ፈርናንዴዝ በሪያል ማድሪድ የታዳጊዎች ቡድን ሳለ፣ በ12 ዓመቱ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ተገኘበት። መጀመሪያ ያየው ሐኪም እግር ኳስ እንዳበቃለት ነገረው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ሐኪም ልምምዱን መተው እንደሌለበት አስረዳው። ናቾ ሁለተኛውን ሰማ፤ ከክለቡ ጋር 6 ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫን አነሣ፤ ታሪኩንም በአደባባይ ተናገረ።

የሐኪሞቹ ልዩነት ምን ላይ ነው? ጤነኛ ሰው ሲሮጥ ቆሽቱ የሚያመነጨውን ኢንሱሊን ይቀንሳል። በመርፌ የተወሰደ ኢንሱሊን ግን ተመልሶ አይወጣም። ጡንቻ ስኳሩን ሲስብ፣ ኢንሱሊኑም ሥራውን ሲቀጥል፣ የደም ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ አንዳንዴም ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ። በአንጻሩ አጭርና ብርቱ ሩጫ አድሬናሊንን ስለሚቀሰቅስ ስኳሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። አደጋው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በመለካት፣ ምግብንና የመድኃኒትን መጠን በማስተካከል የሚያዝ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም አደጋውን ብቻ አየ፤ ሁለተኛው መላውንም አየ።

መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን የስኳር ማነስ ምልክቶች ናቸው። ይሁንና ማንኛውም ሯጭ ያልበዋል፤ ልቡም ይመታል። ስለዚህ ያላወቀ አሠልጣኝ ነገሩን ድካም ወይም ስንፍና ያደርገዋል። ሕመሙን የደበቀ ታዳጊ ሜዳ ላይ ብቻውን ነው። ወጣት ስፖርተኞች ስለ ሕመማቸው ሲናገሩ ትልቁ ጥቅም «እኔም እችላለሁ» ማሰኘቱ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያቸው ያለው ሰው እንዲያውቅ ማድረጉ ነው። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል 15 ግራም ያህል ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ዳግመኛ መለካት ይገባል። ራሱን ለሳተ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ናቾ ክለብና ሐኪም ከጎኑ ነበሩት። በአገራችን ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑን በሸክላ ዕቃ የሚያኖር ተማሪ አለ፤ የደም ስኳር መለኪያውም ሁልጊዜ እጁ አይገባም። መለኪያውን ሳይሰጡ «ሩጥ» ማለት «ተው» ከማለት አይሻልም። ልጁ ስለ መብቱ እንዲሟገት ከመጠበቃችን በፊት፣ ነገ አሠልጣኝና መምህር የምትሆኑት እናንተ ሳትጠየቁ ጠይቁለት።