ሕግ አዋቂው ወደ ምክር ቤት ለምን ይሄዳል?
(በጎንደር ከተማ ፒያሳ ለመራጮች የተደረገ ንግግር)



«በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባል ነበር። አባቶቻችን በላ ልበልሃ እያሉ የተሟገቱት ዳኛ የፈረደው እንደሚፈጸም አምነው ነው። ዛሬ ወጣት የሕግ ባለሙያዎችን በዕጩነት ስናቀርብ «ፍርድ ቤቱ አይበቃቸውም ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መልሳችን የአንዲት ዳኛ ታሪክ ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ፖሊስ ግን ተከሳሹን ወዲያው መልሶ ያዛቸው። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። ልብ በሉ! ዳኛ ሕግ ይተረጉማል እንጂ ሕግ አያወጣም። ክፉ ሕግ ሲወጣ የቅን ዳኛም እጅ ይታሰራል።

ዳኛዋ ወደ ፖለቲካው ገቡ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው ሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ። አንድነት ፓርቲን ሲመሩ ታህሳስ 2001 ዳግም ታስረው መስከረም 2003 ተፈቱ። በዋስ የለቀቋቸው አቶ ስዬም በኋላ ይህንኑ ፓርቲ ተቀላቀሉ። ኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. አገለገሉ።

በምክር ቤቱስ ምን ሆነ? ከ547 መቀመጫ ተቃዋሚ ፓርቲዎች በ2002 ያገኙት 1 ብቻ ነው፤ በ2007 አንድም አላገኙም። ጠያቂ የሌለበት አዳራሽ የቀረበለትን ሁሉ ያጸድቃል።

በእኛው ክልልም ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለና የክልሉ ምክር ቤት አባል አቶ ዮሐንስ ቧያለው ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ ታሰሩ። ተወካዩ እንዲህ ከተያዘ ወካዩ ሕዝብ ምን ዋስትና አለው?

የክልላችን ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። የክልሉን ሕግና በጀት ያጸድቃል፤ ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፤ የክልሉን ዳኞች ይሾማል። ስለዚህ ዕጩዎቻችን ቢመረጡ፦

1. የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መከበሩን በየጉባዔው ይጠይቃሉ።
2. የፍርድ ቤትን ትእዛዝ ያልፈጸመ ባለሥልጣን ቀርቦ እንዲያስረዳ ያደርጋሉ።
3. በዳኞች ሹመት ላይ የዕጩውን ችሎታና ነጻነት ሳይመረምሩ እጅ አያወጡም።
4. ከእያንዳንዱ ጉባዔ በኋላ ወደ እናንተ ተመልሰው የሰጡትን ድምፅ ያስረዳሉ።

ወገኖቻችን፣ አንቀጽ 54 የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት ተወካይ ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይደነግጋል። ቃላችንን ብናጥፍ በዚሁ አንቀጽ እኛኑ ጠይቁን። በምርጫው ቀን ችሎቱ የእናንተ ነው። ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ፍረዱ!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ