ሁለቱን መብራት ለይቶ ማየት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በጨለማ ሌሊት ከማዶ ተራራ ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ፋኖሶች ከሩቅ ሲታዩ አንድ መብራት ይመስላሉ። የመነጽርም ጥሩነት የሚታወቀው ነገርን አጉልቶ በማሳየቱ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲህ የተቀራረቡትን ሁለት ነጥቦች ለይቶ በማሳየቱ ነው። ይህንም የመለየት ኃይል እንለዋለን።

ብርሃን እንደ ማዕበል ስለሚጓዝ፣ ፍጹም የሆነ መስተዋት እንኳ ኮከብን የሚያሳየው እንደ ትንሽ ክብ አድርጎ ነው። መስተዋቱ በሰፋ መጠን ክቡ ያንሳል። እንግዲህ መሣሪያው ገና ሳይሠራ ኃይሉን ለማወቅ፣ በኮምፒዩተር አስመስሎ መፈተን ይቻላል። ይኸውም ሁለት ከዋክብትን በሐሳብ አስቀምጦ፣ ብርሃናቸው በመስተዋቱ ሲያልፍ የሚሰጠውን ሥዕል ማስላት ነው። ከዋክብቱን እያቀራረብን ስንሄድ አንድ መስለው የሚታዩበት ርቀት የመሣሪያው ወሰን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጉድለቱ አስቀድሞ ይታወቃል።

ነገር ግን ሥሌት የሚመልሰው የሰጡትን ነው። ፍጹም መስተዋት ብንሰጠው ፍጹም ሥዕል ይመልስልናል። ለዚህም ምስክር የሚሆነን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከው ሀብል የተባለው ቴሌስኮፕ ነው። የመስተዋቱ ስፋት 2.4 ሜትር ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎቹ ብዥ ያሉ ሆነው ተገኙ። የመስተዋቱ ጠርዝ ከሚገባው ይልቅ በሚሊሜትር ሺኛ ሁለት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ምክንያቱም መስተዋቱ ሲወለወል በተፈተነበት መሣሪያ ውስጥ አንዱ ሌንስ 1.3 ሚሊሜትር ከቦታው ርቆ ተገጥሞ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ሌሎች መፈተኛዎች ስሕተቱን አሳይተው ሳለ፣ የእነርሱ ትክክለኛነት ያነሰ ነው ተብሎ ምስክርነታቸው መጣሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ፣ «መስተዋቱ ይህን ያህል ቢሳሳት ኮከቡ ምን መስሎ ይታያል?» እያሉ ሥዕሉን በኮምፒዩተር አስመስለው ሠሩ፤ ከእውነተኛውም ሥዕል ጋር አስተያዩት። በፋብሪካው የቀረውን የመፈተኛ መሣሪያም ለኩት። ሁለቱም መንገዶች ተቀራራቢ መልስ ስለ ሰጡ፣ ስሕተቱን የሚያርሙ ትናንሽ መስተዋቶች ተሠሩ፤ በታኅሣሥ 1993 የጠፈር ተጓዦች ወጥተው ገጠሙአቸው። ቴሌስኮፑም እንደ ታሰበው ጥርት አድርጎ ማየት ጀመረ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም መምህር የሚሆኑ አሉ። ሁላችንም በመለኪያ እንሠራለን። ሁለት መለኪያዎች በተጣሉ ጊዜ የምንወደውን ይዘን የማንወደውን አንጣል፤ የተጣሉበትን ምክንያት እንመርምር። በወረቀት ላይ የተገኘ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ ወደ ሰማይ የወጣውን ለማረም ግን ሰው ሕይወቱን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ግድ ሆኖበታል።