ተዘጋ ማለት ተሰረዘ ማለት አይደለም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ምሽት፣ ረሆቮት፣ የተነገረ)

 

ዛሬ የምናወራው በየቤታችን ስለማይወራ ነገር ነው፤ ስለ ፖሊስ ቲቅ። ከቅርያት ሞሼም ከኦሺዮትም የመጣችሁ፣ ነገሩ ሩቅ አይደለም። አንድ ሰው በወጣትነቱ ስላጠፋ፣ ነርስ ወይም ጠበቃ ወይም የታክሲ ሹፌር እንዳይሆን ፈቃድ ሊከለከል ይገባል ወይ?

ከጓደኞቻችን አንዱ በ16 ዓመቱ ሜዳ ላይ ጠብ ተነሥቶ ከሌሎች ጋር ተያዘ፤ ቲቅ ተከፈተበት። ከወራት በኋላ «በማስረጃ ጉድለት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት መጣ። እናቱ «ተመስገን፣ ተዘጋ!» አሉ፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ በቃ። ልጁ ከሠራዊት ሲወጣ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ኦቬድ ሶጽያሊ እንደምንለው፣ መሆን ይፈልግ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ ከረመ። «ለምን አትመዘገብም?» ስንለው፣ «ተምሬስ? ቲቅ ላለበት ማን ፈቃድ ይሰጣል?» አለን።

እናትም ልጅም ተሳስተው ነበር እኮ። በዚህ አገር ቲቅ «በማስረጃ ጉድለት» ወይም «የሕዝብ ጥቅም የለውም» ተብሎ ሲዘጋ ስሙ በፖሊስ መዝገብ ላይ ይቀራል። የሚጠፋው «ሆሴር አሽማ»፣ ማለትም «ጥፋት የለበትም» ተብሎ ሲዘጋ ነው። የመዝጊያው ምክንያት እንዲለወጥ፣ ወይም መዝገቡ እንዲሰረዝ፣ ማመልከት ይቻላል። እናትየው ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ልጁ ደግሞ መዝገብንና ፍርድን አንድ አደረጋቸው። የ1996ቱ የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ የሚያነሣው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለውን ሰው ነው። እሱንም ቢሆን የጥፋቱን ዓይነት፣ ክብደትና ሁኔታ አይቶ ነው ለሙያው አይገባም የሚለው። የኛ ጓደኛ ግን ማንም ሳይከለክለው ራሱን ከለከለ።

ለእኛ ልክ የሚመስለን ይህ ሚዛን ነው፦ ጥፋቱና ሥራው ይገናኛሉ ወይ? ሰክሮ እየነዳ ሰው የገጨ ሹፌር አውቶቡስ ይሰጠው አንልም። በ2001 የወጣ ሕግ በወሲብ ወንጀል የተፈረደበት ሰው በትምህርት ቤትና በመዋዕለ ሕፃናት እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ በዚህ የሚከራከር ከመካከላችን የለም። ግን በ18 ዓመቱ ፖሊስ የሰደበ ልጅ በ30 ዓመቱ መርፌ መውጋት የማይችለው ለምንድን ነው?

መዝገቡ ራሱ ደግሞ ሁሉንም እኩል አይጽፍም። በ2016 የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼኽ በጠበቆች ጉባኤ ላይ ተጠይቀው፣ ፖሊስ የኛን ወጣቶች የበለጠ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል መልስ ሰጡ። በዚያው ዓመት፣ ከ2015ቱ ሰላማዊ ሰልፎች በኋላ የተቋቋመውና ኤሚ ፓልሞር የመሩት የፍትሕ ሚኒስቴር ኮሚቴ በኢትዮጵያውያን ላይ ስላለው ዘረኝነት ሪፖርቱን አወጣ። ሩቨን ሪቭሊን ፕሬዝዳንት፣ አየሌት ሻኬድ የፍትሕ ሚኒስትር ሳሉም፣ በቀላል ጥፋት ተፈርዶባቸው ያልታሰሩ የማኅበረሰባችን ወጣቶች መዝገባቸው እንዲሰረዝ እንዲያመለክቱ ጥሪ አድርገው ነበር። መንግሥት ራሱ ችግሩን አይቷል ማለት ነው።

አንድ አባት ይህን ስናዘጋጅ ሰምተው፣ «ታዲያ ያጠፋውና ያላጠፋው እኩል ይሁኑ?» አሉን። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ ይደበቅ አላልንም፤ ፈቃድ ሰጪው በሕግ ከተፈቀደለት ይይ፣ ይጠይቅ፣ ሰውየውንም ፊት ለፊት ይስማው። የሕጉን ስም ልብ በሉልን፦ የ1981ዱም የ2019ኙም ስማቸው ላይ «ታቃናት ሀሻቪም» አለበት፤ የተመላሾች ደንብ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከሚሽና፣ ከጊቲን ክፍል ነው። አንድ ሰው ግንድ ሰርቆ ትልቅ ቤት ቢሠራበት፣ ቤቱን አፍርሰህ ግንዱን መልስ አይባልም፤ ዋጋውን ይከፍላል። አፍርስ ቢባል ማን ይመለሳል? ከአገር ቤትም ሽማግሌ ካስታረቀ በኋላ ያንን ነገር ዳግም ማንሣት ነውር እንደሆነ ከእናንተው ነው የሰማነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ማንም ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የራሱን መዝገብ ማየት ይችላል። ተራ ቀጣሪ «የፖሊስ መዝገብህን አምጣ» ማለት አይችልም፤ ክልክል ነው፤ ቢላችሁ አትስጡ። ለማመልከቻው «ጠበቃ» የተባለው የማኅበረሰባችን የሕግ ድርጅት አለ። ወላጆች፣ በየመሳቢያው ያለውን ወረቀት አውጡት። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ እኛ እናነብላችኋለን፤ ዛሬም በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ሁለት ልጆቻችን ተቀምጠዋል። ስም አይጻፍም፣ ወሬም አይወጣም።

ጓደኛችን የመዝጊያው ምክንያት እንዲለወጥለት ባለፈው ወር አመልክቷል። መልሱ ገና አልመጣም። ለትምህርቱ ግን መልሱን ሳይጠብቅ ተመዝግቧል።