ስለ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ትጋት የተነገረ ቃል



ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሰዶ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የሚያስተምር ቤተ ሰብ ውጤቱን በጭንቀት ይጠባበቃል። ትጉህ የሆነውም ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ሲወድቅ ይታያል። ይህም ብዙ ጊዜ ከአእምሮ ማነስ አይደለም፤ ትምህርቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ሊይዘው በመሞከሩ ነው እንጂ።

ጉስታቭ ኪርክሆፍ የተባለው ሊቅ በ1824 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፕሩስያ፥ በኮኒግስበርግ ከተማ ተወለደ፤ ከተማዪቱም ዛሬ በሩስያ ግዛት ካሊኒንግራድ ትባላለች። በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ፍራንትስ ኖይማን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያሰሉና እንዲለኩ መልመጃ ይሰጥ ነበር። ኪርክሆፍም ገና ተማሪ ሳለ በ1845 በስሙ የሚጠሩትን 2 ሕጎች አወጣ። ፊተኛው፥ ሽቦዎች በሚገናኙበት ስፍራ የገባው ኮረንቲ ከወጣው ጋር እኩል ነው ይላል። ሁለተኛውም፥ በዝግ መንገድ ዙሪያ ባትሪው የሚሰጠው ቮልት በየሬዚስተሩ ከሚወርደው ድምር ጋር እኩል ነው ይላል። ለምሳሌ 12 ቮልት ባትሪ ከ4 ኦምና ከ2 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ቢያያዝ ኮረንቲው 2 አምፔር ይሆናል፤ በአንዱ 8፥ በሌላው 4 ቮልት ይወርዳል፤ ድምሩም 12 ነው።

ይህን የሰማ ሁሉ የገባው ይመስለዋል። ነገር ግን 3 ባትሪና 5 መስመር ያለበት ጥያቄ በቀረበ ጊዜ የሚፈታው በገዛ እጁ ብዙ የፈታ ነው። የቅኔ ቤትም ልማድ ይኸው ነው፤ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሺህ ቢያውቅ ባለቅኔ አይባልም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቈጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፥ እየታረመም እስከ መወድስ ይደርሳል። ሒሳቡን ሳያጸና ወደ ምህንድስናው የሚዘል፥ ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት መወድስ እንደሚጀምር ነው።

እንግዲህ ተማሪ የሚከናወንለት የዕለቱን ጥያቄ በዕለቱ ሲፈታ፥ ከባልንጀራው መልስ መገልበጥን ትቶ ሲወያይ፥ ያልገባውንም ሳያፍር ሲጠይቅ ነው። በቤተ ሙከራም ስሌቱ 8 ቮልት ሲል መለኪያው 7.6 ቢያሳይ፥ 8 ብሎ አይጽፍም፤ ባትሪው ደክሞ፥ ወይም ሬዚስተሩ ከተጻፈበት ልክ ተለይቶ እንደ ሆነ ይመረምራል። ቍጥር ማስመሰልን የለመደ ተማሪ ነገ የሆስፒታል መስመር ይዘረጋልና፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ የምስክር ወረቀት አይቶ አይምርም።

ወላጆችም ሆይ፤ ልጃችሁ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ራስህ ምን ፈታህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ጊዜ የወደቀውንም አታሳፍሩት፤ ሳይሳሳትና ሳይታረም ባለቅኔ የሆነ የለምና።