እጅግ ሰፊ ስለሚያይ ሌንስ
(በበዓሉ ዕለት በፎቶግራፍ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



የምንናገረው በፊልም ስለሚሠራውና ሬንጅፋይንደር ስለሚባለው ካሜራ፤ ይልቁንም በእርሱ ላይ ስለሚገባው እጅግ ሰፊ አድርጎ ስለሚያይ ሌንስ ነው። ርእሱን የመረጥነው አንድ ጥፋት ስላጠፋን ነው፤ እርሱንም ወደ ኋላ እንናዘዛለን።

የተለመደው ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 46 ዲግሪ ያህል ያያል፤ ባለ 15 ሚሊሜትሩ ግን 110 ዲግሪ ያያል። አንዱን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው የቀሩትን ሦስቱን በአንድ ፎቶግራፍ ያስገባል ማለት ነው።

ሬንጅፋይንደር ለዚህ የተመቸው በውስጡ መስተዋት ስለሌለው ነው። መስተዋት ባለው ካሜራ ውስጥ መስተዋቱ ከሌንሱ በስተኋላ ከፍ ዝቅ ስለሚል፤ ሌንሱ ወደ ፊልሙ መጠጋት አይችልም። እዚህ ግን የኋላው ብርጭቆ ፊልሙን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ለኮንታክስ ካሜራ የወጣው፤ ሉድቪግ በርቴለ የነደፈው ባለ 21 ሚሊሜትር ቢዮጎን እንዲህ ያለ ነበር። በ1969 ሆሎጎን የተባለው ባለ 15 ሚሊሜትር ወጣ፤ የጥጉ ብርሃን ስለሚደክም መካከሉ የጠቆረ ማጣሪያ ይደረግለት ነበር። ዋጋው ግን ለሀብታም ነው። በ1999 ከጃፓን የመጣው ሄሊያር ነገሩን ለእንደኛ ዓይነቱም አቀረበው።

በቀዳዳ ቁጥር 8 አድርገን ርቀቱን አንድ ሜትር ላይ ብናቆመው፤ ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ሁሉም ይጠራል። ካሜራው ስሙን ያገኘበት ርቀት መለኪያ እዚህ ሥራ ፈት ነው! የካሜራው መስኮትም ይህን ሁሉ ስፋት ስለማያሳይ ሌላ መመልከቻ ከላይ ይሰካል። በእርሱ ስንመለከት ጣታችን ሌንሱ ፊት መግባቱን አናውቅም፤ ሦስት ጊዜ ገብቷል።

አሁን ወደ ጥፋታችን። ባለፈው ዓመት መምህራንንና ሠራተኞችን በጠባቡ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ሌንስ አነሣን። ፊልሙ ሲታጠብ ከመካከል የተቀመጡት መልካም ሆነው ወጡ። በትሕትና ዳር የቆሙት አዛውንቱ ዘበኛችን ግን ፊታቸው እንደ ሊጥ ተለጥጦ ተገኘ። ሌንሱ አልተበላሸም፤ ክብ ነገር ጠፍጣፋ ፊልም ላይ ከጎን ሲወድቅ ይለጠጣል፤ በ15 ሚሊሜትር ጫፍ ላይ ስፋቱ የቁመቱን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሆናል። ይህን አንብበን ነበር፤ ዳር የሚቆመው ማን እንደሆነ ግን አላሰብንም። እርሳቸውም ያንን ፎቶግራፍ ለልጆቻቸው ሊልኩት ጠይቀውን ነበር።

ከዚህ ንግግር በኋላ በሜዳው ላይ ባለ 50 ሚሊሜትሩን ይዘን እንጠብቃችኋለን። ዘበኛችን ከመካከል እንዲቀመጡልን ለምነናቸው፤ እሺ ብለዋል።